ወይን ጠጁን መጀመሪያ ከበርበሬ ጋር አስተዋውቁት

«ቀይ ወይን ከቀይ ሥጋ፣ ነጭ ወይን ከዓሣ።» ይህቺን ሕግ ያልሰማ የለም። ክፉ ሕግ አይደለችም፤ ችግሯ በርበሬ በሌለበት ማጀት መውጣቷ ነው። እኛ ሥጋውንም፣ ምስሩንም፣ ዓሣውንም ቀይ አድርገን የምንበላ ሰዎች ነን። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ ሕግ ቀይ ምስር ወጥ ከምን ጋር ሊጠጣ ነው?

ስለ አገራችን ወይን የሚጻፉ መመሪያዎችን ሳነብ ሁሌ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ የሌላ ሰው ኮድ ሳይነካ ሲገለበጥ ቶሎ ይታየኛል። ስቴኩ፣ አይቡ፣ ፓስታው እንዳለ ይመጣል። እንጀራው የለም።

ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በአዳማ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ደረቅ ወደቡ ላይ የተደረደረው ኮንቴይነር የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ሌላው በመቂ አድርጎ ወደ ባቱ፣ ወደ ድሮዋ ዝዋይ፣ ይወርዳል። እዚያ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ በፈረንሳዩ ካስቴል የተቋቋመ የወይን እርሻ አለ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞ፣ ሻርዶኔ፤ ሁሉም የፈረንሳይ ዝርያዎች ናቸው። በፈረንጆቹ 2014 የመጀመሪያው ምርት ሲወጣ ግን አንደኛው ስሙ «ሪፍት ቫሊ» ሆነ፤ ስምጥ ሸለቆ። ስሙ የእኛ፣ ዘሩ የፈረንሳይ።

ይሄ ነውር የለበትም። ነውሩ «አገር በቀል ዝርያ» ብሎ መዋሸቱ ነው። ደግሞም ውሸቱ አያስፈልገንም። የእኛ የምንለው በርበሬ ራሱ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ነው። ዛሬ እንግዳ ነው የሚለው ማን አለ? ደልዘን፣ አስጥተን፣ ከኮረሪማና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አስፈጭተን የራሳችን አደረግነው። አርጀንቲናዎችም ማልቤክን ከፈረንሳይ ወስደው ከራሳቸው የተጠበሰ ሥጋ ጋር አዋደዱትና ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በእነሱ ስም ነው። አንድን ነገር አገሬ የሚያደርገው ዘሩ ሳይሆን ማዕዱ ነው።

እሺ፣ ወደ ማዕዱ እንምጣ። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ነው። አልኮል ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ከወይኑ ቆዳና ፍሬ የሚወጣው ምላስ አድራቂ ታኒንም ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ይበልጥ ይመርራል። ስኳር ግን ያበርደዋል። ስለዚህ ዶሮ ወጥ በልቶ ከፊል ጣፋጩን አካሲያ የሚያዝ ሰው «ወይን የማያውቅ ፋራ» አይደለም፤ ምላሱ ከመመሪያው ቀድሞ ገብቶታል። የአዳማ ሆቴል ውስጥ ጣፋጭ ያዘዘ ጓደኛችሁ ላይ የምትስቁ፣ እባካችሁ ተዉት። ደረቁን ጉደር ቅመም ለሌለው ጥብስ አስቀምጡለት። እንጀራው ደግሞ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጠጥ የማይል ነጭ ወይን አጠገቡ ሲቀርብ ውሃ ውሃ ይላል። መመሪያ ማለት ይህን የሚነግር ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ጠጅ ከዝርዝሩ መቅረቱ ነው። ቋንቋችንን ስሙት፦ «ወይን ጠጅ» ነው የምንለው። ዋናው ጠጅ ነው፣ ወይኑ ዓይነቱ ነው። የማሩ ጣፋጭነትና የጌሾው ምሬት ተመዛዝነው ከቁርጥና ከሚጥሚጣ ጋር አብረው የኖሩት ሶምሊየር የሚባል ሙያ እዚህ ሳይሰማ ነው። አገር በቀል ፍለጋ ከሆነ የወጣችሁት፣ ጌሾ ጓሮ አለላችሁ። ወይን ብቻ የሚዘረዝር የኢትዮጵያ መመሪያ ግማሹን ትቷል።

ጾሙም አለ። አንድ ምእመን የኦርቶዶክስን አጽዋማት ሁሉ ከጾመ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ይጾማል። በዚያ ጊዜ በያይነቱ ነው፤ መጠጥ ጭራሽ የሚተውም ብዙ ነው። ጎረቤቱ ሙስሊም ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይጠጣም። ለሁለቱም ብርዝ አለ፤ ያልፈላ፣ የማያሰክር፣ ከበርበሬ ጋርም የሚስማማ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ገጽ የማይሰጥ መመሪያ ለማን ነው የተጻፈው?

«ወይን የሀብታም ጉዳይ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፦ የባቱ ወይን ከሽሯችን ጋር ካልተዋወቀ፣ ፉክክሩ ከውጭው ጠርሙስ ጋር በውጭው ሕግ ይሆናል። በሰው ሕግ ስንጫወት ደግሞ ለራሳችን ምላስ ማፈር እንለምዳለን፣ ዶላር ከፍለንም የማይስማማንን እንጠጣለን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወይን የምትጠምቁ፣ የጠርሙሱ ጀርባ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ «ከዶሮ ወጥ ጋር»፣ «ከአልጫ ጋር»፣ «ከቆሮሶ ጥብስ ጋር» ብላችሁ ጻፉ። መመሪያ የምትጽፉ፣ ከመጻፋችሁ በፊት በርበሬ ያለበት ወጥ አጠገብ አስቀምጣችሁ ቅመሱት። ካቃጠላችሁ፣ እሱንም ጻፉት።