ጀሪካኑን ጋሪ ይሸከመው

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እኛ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቧንቧው ጭጭ ባለ ቁጥር ቢጫዎቹ ጀሪካኖች በር ላይ ይደረደራሉ፤ ከዚያ “ማን ይሂድ?” ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚሄደው ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ ነው። ልጅ ከሌለ አያት ትሄዳለች።

እስቲ ክብደቱን እናስላው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከነዕቃው 21 ኪሎ ገደማ ይመጣል። የ10 ዓመት ልጅ ራሱ 30 ኪሎ አካባቢ ነው። የደብተር ቦርሳ እንኳ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል ይባላል። እኛ ግን የክብደቱን ሁለት ሦስተኛ በአንድ እጁ አስይዘን ወደ አንድ ጎን ተጣምሞ እንዲመጣ እንልከዋለን። ለአዋቂም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ወገባቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶችን “ውሃ ከየት ነው የምትቀጂው?” ብሎ መጠየቅ ልማዴ ነበር። በቅርብ የወለደች፣ ማህፀኗ የመውረድ ምልክት ያሳየች ወይም ቡአ ያለበት ሰው ሙሉ ጀሪካን ማንሳት የለበትም።

እዚህ ላይ ከባህር ማዶ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ኦፕቲሚስት የምትባል የልጆች የሸራ ጀልባ አለች። እ.ኤ.አ. በ1947 ክላርክ ሚልስ የተባለ ጀልባ ሠሪ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ የነደፋት ስትሆን፣ ዛሬ እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በብዙ አገር ይወዳደሩባታል። ሸራና ምሰሶው ሳይቆጠር አካሏ 35 ኪሎ ይመዝናል፤ ከሁለት ሙሉ ጀሪካን ያነሰ ማለት ነው። ታዲያ ከማቆያዋ እስከ ውሃው በባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ትጫናለች፤ ልጁም እጀታውን ይዞ ይስባታል። ክብደቱን የሚችለው ጎማው ነው፤ የልጁ እጅ አቅጣጫ ብቻ ያሲዛል። ለጀልባ የታሰበው ለውሃችን የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሱቅ የሚገዙት፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማ ያላቸው የገበያ ጋሪዎች ለሴራሚክ ወለል ጥሩ ናቸው። ኮብልስቶን ላይ ግን ጎማው ድንጋዮቹ መካከል እየገባ ይቀረቀራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሰበራል። ልጆች በኩሽኔታ የሚሠሩት ጋሪም አስፋልት ላይ ይበርራል እንጂ ኮብልስቶን ላይ ከጩኸት በቀር የሚያተርፈው የለም። ጎማው ትልቅ ሲሆን ጉድጓዱን ተሻግሮ ያልፋል። የትንሽ ልጅ ብስክሌት ጎማ ወይም የግንባታ የእጅ ጋሪ ጎማ ይበቃል። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ጎማ ስትመርጡ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን አለካኩ፤ አሽከርክሩት፣ ወደ ጎንም ወዝውዙት። ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋልና ተዉት። በአየር የሚሞላው ለስለስ ያለ ነው፤ ጎሚስታ ቤት መመላለስ የማይወድ ግን ድፍን ጎማ ይያዝ።

ዋናው ነገር ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በያጁ ብዙውን ጊዜ ለዓይን ደስ ያለው ቦታ ላይ ይበይደዋል። እናንተ ግን ሙሉ ጀሪካኖቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ይስቁባችሁ ይሆናል፤ ይሳቁ። ዘንጉን ለጊዜው ብቻ ነካ ነካ አድርጎ ያያይዘው፤ ከዚያ ጀሪካኖቹን ጭናችሁ እጀታውን በአንድ እጅ ከፍ አድርጉት። ሁለት ሦስት ኪሎ ስኳር የያዛችሁ ያህል ከተሰማችሁ ልክ ነው። እጁን ከከበደው ዘንጉ ወደ እጀታው ይጠጋ፤ እጀታው በራሱ ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ይራቅ። ይህ ሲስተካከል ነው በደንብ የሚበየደው።

መጫኛው ከመሬት ብዙም ከፍ አይበል፤ ጀሪካኑን ወደ ላይ ማንሳቱ ራሱ ወገብ ይጎዳል። ዙሪያውን እስከ ጀሪካኑ ወገብ የሚደርስ ቀጭን ብረት ይኑረው፤ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ማሰሪያም ይጠፈር። እጀታው እጅ ወደ ታች ሲዘረጋ አንጓው ጋ ይድረስ። አያትም የልጅ ልጅም የሚጠቀሙበት ከሆነ ቱቦ በቱቦ ውስጥ ገብቶ በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን። ርዝመቱ ካጠረ ጋሪው ተረከዝ ይመታል። ደግሞ ከቤት ሳትወጡ የግቢውን በር ስፋት ለኩ! የኛ ሰፈር በሮች ጠባብ ናቸው።

ለልጅ ሁለት ጀሪካን፣ ለአዋቂ ሦስት ይበቃል። ቁልቁለት ላይ ጋሪው ከፊት፣ ዳገት ላይ ከኋላ ይሁን፤ ምንጊዜም ከሰውየው በታች ከሆነ ቢያመልጥ እንኳ ሰው አይደፈጥጥም። ግማሽ የተሞላ ጀሪካን ውስጡ እየተንቦጫረቀ ጋሪውን ያወዛውዛልና ሞልታችሁ ክደኑት። ወደ አደባባዩ የመኪና መንገድ ልጅ ብቻውን ጋሪ ይዞ አይውጣ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ላላችሁት ጋሪው እስከ ደረጃው ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ባለ 20ውን ትታችሁ ባለ 10 ሊትር ሁለት በሁለት እጅ ያዙ፤ ሰውነት ወደ አንድ ጎን አይዘነብልም። ለልጅ ባለ 5 ይበቃዋል፤ ቢመላለስም ይመላለስ።