የመክፈቻው ሥዕል የማን ነው?

ለቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒዩተሮች አዲስ የመክፈቻ ሥዕልና ዓርማ ሊመረጥላቸው ነው መባሉን ሰምተናል። ማን እንደሚመርጥ ግን አልተነገረንም። ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታያቸው ይኖራሉ፤ እኛ ግን የኮምፒዩተር መክፈቻ ሥዕል እንደ ቤት ደጅ ነውና በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም እንላለን።

በዚህ ረገድ ሁለት ምሳሌዎች አሉን። እ.ኤ.አ. በ2004 ቡናማ ቀለም ይዞ የወጣው ኡቡንቱ በ2010 ቀለሙን ወደ ሐምራዊና ብርቱካናማ ለወጠ። በዚያው ለውጥ የመስኮቶቹ መዝጊያ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዛወር ተጠቃሚዎች አጉረመረሙ፤ መሥራቹ ማርክ ሻትልወርዝም አስተያየት እንቀበላለን፤ የንድፍ ውሳኔ ግን በድምፅ ብልጫ አይሠራም ሲሉ መለሱ። መዝጊያው ወደ ቀኝ የተመለሰው በ2017 ነው። ዴቢያን በአንጻሩ አዲስ እትም ሲያሰናዳ መሣል የሚችል ሁሉ ሥራውን እንዲያቀርብ ይጠራል፤ ተጠቃሚዎችም የቀረበውን አይተው ደረጃ ይሰጣሉ። በ2023 የወጣው የ12ኛው እትም ሥዕል፣ የዡልየት ታካ ሥራ፣ የተመረጠው በዚህ መንገድ ነው።

ሰው በበዛበት ንድፍ ይበላሻል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ዴቢያን ግን አንድ ሰው የሣለውን ብዙዎች እንዲመርጡ አደረገ እንጂ ብዙዎች አንድ ሥዕል እንዲሥሉ አላደረገም።

ሆኖም ውበት ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም። በ2008 ከፌዶራ 10 ጋር የወጣው ፕሊመዝ የተባለው ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚጽፈውን መልእክት በሥዕል ይሸፍናል። ዲስኩ የተቆለፈ እንደሆነም የይለፍ ቃል የሚጠየቀው በዚያው ሥዕል ላይ ነው። ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም ተለይቶ ካልተነበበ ውበቱ ምን ይረባል? ኮምፒዩተሩ ተሰናክሎ ሳለ ሥዕሉ ያለ አንዳች ምልክት ቢሽከረከርስ ተማሪውን ከማታለል በቀር ምን ጥቅም አለው? የኢስኬፕ ቁልፍ ሲጫኑ ሽፋኑ ተነሥቶ መልእክቱ ይታያል፤ ይህን የሚያውቅ ተማሪ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሥዕል የማቅረቡ ዕድል ለተማሪውም ለመምህሩም ይከፈት፤ ሁለተኛ፣ የቀረበው ሁሉ በአሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ተሞክሮ ለድምፅ ይቅረብ፤ ሦስተኛ፣ መልእክቱን መግለጫው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ከሥዕሉ ግርጌ በአማርኛ ይጻፍ። በየማለዳው በዚያ ደጅ የምንገባው እኛ ነንና ስንመርጠው ልንጠየቅ ይገባናል።