ነፋሱን ማን በላው?

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፈተና፣ ስለ ካፌ ምግብና ስለ ላብራቶሪ ዕቃ እጥረት ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሳይክል ውድድር ልጽፍ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ላብራቶሪያችን ጋ መድረሱ ስለማይቀር እስከዚያው ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሴሚስተር እረፍት ሐዋሳ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ሳለሁ የከተማው ሳይክለኞች ያዘጋጁት ውድድር ላይ ተመዘገብኩ። መንገዱ ከጥቁር ውሃ ተነስቶ፣ ሻሸመኔ መግቢያ ደርሶ የሚመለስ፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነው። ክለብ የለም፣ አሰልጣኝ የለም። አጀብ ከተባለ ከፊት አንድ ሞተር፣ ከኋላ አንድ ባጃጅ። ተወዳዳሪው ሠላሳ ያህል ሲሆን ግማሹ ኮርስ፣ ግማሹ ማውንቴን ይዟል። ለአንደኛ ማልያና ትንሽ ገንዘብ፣ ለሁለተኛ ሄልሜት፣ ለሦስተኛ ሁለት አዲስ የኮርስ ጎማ ከነካላማዳሪያው ተዘጋጅቷል። አራተኛ ለወጣ ጭብጨባ።

ሐዋሳ ያደገ ልጅ ሁሉ ሳይክል የሚችል ይመስለዋል። ከተማው ሜዳ ነዋ! ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድ ግን ሳይታወቅ ቀስ እያለ ይወጣል። በመኪና ስትሄዱ ዳገት መሆኑ አይታያችሁም፤ እግራችሁ ግን ይነግራችኋል። ሻሸመኔ ስንደርስ ሁለት ጎበዞች ከፊት አምልጠው ጠፍተዋል፣ ሌላው ከኋላ ተበታትኗል። መሀል ላይ የቀረነው እኔና አንድ ሰው ብቻ ነን። ሰውየው ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ለሱቆች ዳቦ በሳይክል እያደረሱ የሚኖሩ ናቸው። ኮርሳቸው ቀለሙ ለቋል፣ ካቴናው ይንጫጫል። ስማቸውን ስለማላውቅ ጋሼ አልኳቸው።

ስንመለስ ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። ጎማዬ ከጎማቸው ሁለት ስንዝር አይርቅም። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድን የቀኝ ክርናቸውን ወዘወዙት። አልገባኝም። ዝንብ ያባረሩ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይተው ደገሙት፣ ወደ ጎንም ፈቀቅ አሉ። ይሄኔ ገብቶኛል፤ «ተራህ ነው፣ ውጣና ነፋሱን ያዝ» ማለታቸው ነው። እኔም አብሬ ፈቀቅ ብዬ እዚያው ከጀርባቸው ቀረሁ። የደከመኝ ለመምሰል አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በኋላ ክርናቸውን አላወዛወዙም።

ጥቁር ውሃ ሊደረስ 200 ሜትር ያህል ሲቀር ወጥቼ አለፍኳቸው። ሦስተኛ እኔ፣ አራተኛ እሳቸው። ጎማዎቹን አንገቴ ላይ አጥልቀውልኝ ፎቶ ስነሳ ጋሼ ውሃ እየጠጡ መጡና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «አንተ ልጅ፣ ነፋሱን እኔ በላሁት፣ ጎማውን አንተ!» ብለው ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እስቲ አሁን እንደ ፊዚክስ ተማሪ እንየው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 10 ሜትር ነው። የሐዋሳ አየር ከባሕር ጠለል አየር ወደ 15 በመቶ የሳሳ ስለሆነ እፍግታውን በሜትር ኩብ 1 ኪሎ ግራም ብንለው ብዙ አንሳሳትም። የሰውየውን የፊት ስፋትና ቅርጽ አንድ ላይ 0.4 ስኩዌር ሜትር እንበለው። ያቺን የምታውቋትን ፎርሙላ ስናስገባ አየሩ የሚገፋቸው በ20 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም 200 ዋት ማለት ነው። ከኋላ የተለጠፈ ሰው ደግሞ ከዚህ ሲሶ ያህሉን ይድናል። 15 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 25 ደቂቃ ከፈጀብን እኔ ያተረፍኩት ወደ 100 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ቁጥሩ ምንም ካልመሰላችሁ በሌላ ላስላው፦ አንድ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ 100 ሜትር ከፍታ ላይ ማውጣት ነው። ለእኔ ያልወጣሁትን ዳገት ጋሼ ቀለል አድርገውልኛል፣ እኔ ደግሞ ጎማቸውን ወሰድኩ።

(ከኋላ ሰው ሲኖር ከፊት ያለውም በጥቂት በመቶ እንደሚቀለው አንብቤአለሁ። ያን ዕለት ማታ በዚህ ለመጽናናት ሞክሬ ነበር። አልሠራም።)

ታሪኩን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሁለት ዓይነት መልስ አገኘሁ። አንደኛው ወገን «ሌባ ነህ» አለኝ። ይህን አልቀበልም። እኛ በሩጫ ያደግን ሕዝብ ስለሆንን ውድድር ሲባል የሚታየን የእግርና የሳምባ ብርታት ብቻ ነው። በሩጫ ፍጥነት አየር ብዙ አያስከፍልም፤ በሳይክል ግን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለአየሩ የሚከፈለው ዋት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መለጠፍ የጨዋታው አካል ነው። የሚከለከለው አንድ በአንድ በሰዓት በሚለቀቁበት ውድድር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ፣ ብዙውን የሙያ ዘመኑን ያሳለፈው ለቡድኑ መሪዎች ነፋስ እየሰበረ ነው። ከኋላው ይሄድ የነበረውን መሪ ሌባ ያለው የለም። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ2025 ኪጋሊ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻውን ነድቶ አሸንፏል፤ ግን ስንቱ ሰው ፖጋቻር ነው?

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ደንቡ ካልከለከለ ምን አስጨነቀህ፣ ብልጥ ነህ» አለኝ። የምጣላው በተለይ ከዚህኛው ጋር ነው። ጽጋቡ ነፋስ ይሰብር የነበረው ደመወዝ ተከፍሎት፣ ለማን እንደሚሰብር አውቆ፣ ተስማምቶ ነው። ጋሼን ማን ከፈላቸው? እኛ አማተሮች ቡድንም ውልም የለንም። ያለን አንድ ያልተጻፈ ስምምነት ነው፤ እርሱም ተራ መያዝ። ያ ክርን ሲወዛወዝ ውሉ ይህ ነው ማለት ነው። ጉልበት የሌለው ሰው «አልችልም» ብሎ ከኋላ ቢቀመጥ ነውር የለውም፣ መጨረሻ ላይ ግን ወጥቶ አይሽቀዳደምም። እኔ የማልችል መስዬ ቆይቼ የምችል ሆኜ ወጣሁ። ሕግ አላፈረስኩም። ዋሽቻለሁ ግን።

እንግዲህ ወደ ላብራቶሪያችን መጣን። እዚህ ግቢ ውስጥ ስለ ግሩፕ ሥራ እንደ እኔ የሚያማርር ሰው የለም። አምስት ስም ያለበት ሪፖርት ላይ ግራፉን የሠራሁት እኔ፣ ስህተቱን ያሰላሁት እኔ፣ ሌሊት ያተምኩት እኔ! «ስማቸውን ለማስጻፍ ብቻ የሚመጡ» እያልኩ ስንቱን አምቻለሁ። ለካ እኔም ነፋሱ ሌላ ቦታ ሲነፍስ ያው ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እጠረጥራለሁ፤ ምናልባት ከእነዚያ ልጆች አንዳንዱ እንደ መጀመሪያው ክርን ያልገባው ይሆናል። ሥራውን ሁሉ ጠቅልዬ ስይዝ «ተራህ ነው» ብዬ ነግሬው አላውቅም። ለነገርኩትና አንገቱን ለደፋው ግን አሁንም አላዝንለትም። የዲፓርትመንቱ መምህራን ቢፈቅዱ በየሪፖርቱ መጨረሻ ማን የቱን እንደሠራ በአንድ አንድ መስመር ቢጻፍ ደስ ይለኛል። የውድድሩ አዘጋጆችም በሚቀጥለው ጊዜ ከመነሻው በፊት ለጀማሪዎች ያችን ክርን ቢያስረዱ፣ ሞተር ላይ የሚሄደው ሰውም ማን ብዙ እንደጎተተ አይቶ ለእሱም አንድ ነገር ቢሰጡት እላለሁ። አዘጋጆቹን አግኝቼ ነግሬአቸዋለሁ፤ «እናስብበታለን» አሉኝ።

ጎማዎቹን በነጋታው ይዤ ጋሼ ዳቦ የሚጭኑበት ሱቅ ሄድኩ። «ውድድር ውድድር ነው፣ ያንተ ነው» ብለው አንቀበልም አሉ። ስለምናቸው የሳይክላቸውን የኋላ ጎማ ዝቅ ብለው አዩት። ክሩ ወጥቷል። አንዱን ወሰዱ፣ አንዱን መለሱልኝ። «እሁድ 12 ሰዓት ጥቁር ውሃ ድልድዩ ጋ ና። ከፊት ግን አንተ ነህ» አሉኝ።

ሄድኩ። ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው ዳገት ላይ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሳምባዬ በአፌ ሊወጣ ደረሰ። ክርኔን ወዘወዝኩ። መልስ የለም። ዞር ብዬ ሳይ ጋሼ በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው፣ በሌላው ዳቦ እየበሉ ነበር።