ምዕራፍ በሹምሽሃ

የግዕዝ ሊቃውንት መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ የሚያርፍበትን ስፍራና አንባቢ ትንፋሹን የሚሰበስብበትን የመጽሐፍ ክፍል በአንድ ቃል «ምዕራፍ» ብለው መጥራታቸው ምን ያህል የታሰበበት እንደ ሆነ ያስተማረኝ የዘገየ አውሮፕላን ነው። በሲራራ ንግድ ዘመን ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ምጽዋ የሚወርድ ነጋዴ፣ በቅሎዎቹ እስኪያገግሙ ድረስ በሰፈረባት መንደር ገበያውን ሳያይ፣ ደብሩን ሳይሳለም፣ ወሬ ሳይለዋወጥ አይነሣም ነበር፤ መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የጠና መንገደኛም ከገባበት ቤት ቢያንስ የባለቤቱን ስምና የአገሩን የዝናም ሁኔታ ይዞ ይወጣ ነበር። በአየር የሚሄደው የዛሬ መንገደኛ ግን በትንሽ ከተማ ጥቂት ሰዓት እንዲቆይ ሲገደድ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ በመጠበቂያው አዳራሽ ተቀምጦ የስልኩ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ያማርራል፣ ወይ ያገኘውን መኪና ተኮናትሮ አገሩን በሙሉ በአንድ ጉርሻ ሊውጥ ይሮጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ሁለቱንም ሞክሬአቸዋለሁና አልስማማም።

ከብዙ ዓመት በፊት ከጐንደር ወደ አክሱም ስሄድ አውሮፕላናችን ላሊበላ ላይ አርፎ ሳለ፣ በወዲያ በኩል ደመናው ስላልተገለጠ አምስት ሰዓት ያህል እንደምንቆይ ተነገረን። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በታች፣ በሹምሽሃ ሜዳ ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጠመዝማዛ ዐቀበት ስላለ፣ መውጫው፣ መውረጃውና ለፍተሻ የሚሰለፉበት ጊዜ ሲቀነስ ከአምስቱ ሰዓት የሚተርፈው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ይህን ሒሳብ ሳልሠራ ከሦስት ተሳፋሪዎች ጋር ሚኒባስ ተኮናትሬ ወጣሁ። 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት ሳላይ አልመለስም ብዬ ነበርና፣ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ወደ ቤተ ማርያም፣ ከቤተ አማኑኤል ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ጫማዬን ሳወልቅና ስጫማ፣ አስጐብኚው ስለ አንዱ የነገረኝን ለሌላው ስሰጥ ጊዜው አለቀ። ከዚያ ቀን ዛሬ በአእምሮዬ የቀረው የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ መስቀልና የጫማዬ ማሰሪያ ነው፤ ከምንጣፉ ይዤው የወጣሁትን ቁንጫ አልቈጥረውም።

በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን እነዚያን ሕንጻዎች የሚንቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ርዝመቱ ከ33 ሜትር የሚበልጠውን፣ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለውን ቤተ መድኃኔ ዓለምን በዐሥር ደቂቃ ዞሬ ወጣሁ የሚል ሰው፣ መቶ ኀምሳውን መዝሙረ ዳዊት በአንድ ትንፋሽ ደገምኩት ከሚል ደብተራ በምን ይለያል? ላሊበላ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈልግ አገር ነው። ለአምስት ሰዓት እንግዳ የሚስማማው ሌላ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ያለ መዘግየት በዚያው በሹምሽሃ ሲገጥመኝ፣ ልምዴን ይዤ ከአዳራሹ ላለመውጣት ቈርጬ ነበር። ወደ መኪናው የጠራኝ ወጣት ሹፌር ግን፣ ሰዓቴን ከጠየቀኝ በኋላ፣ «እንግዲያው ጋሼ፣ ከተማው ይቅርብዎ፤ ነአኵቶ ለአብን ተሳልመው ይመለሱ» አለኝ። እንዲህ ያለ ምክር ከኪሱ የሚጐድልበት ሹፌር ሲሰጥ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለ ነበር እሺ አልኩት።

ነአኵቶ ለአብ በትውፊት የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ፣ ከዛጕዌ ነገሥታትም ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው፤ ስሙ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። በእርሱ ስም የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ከማረፊያው ወደ ከተማው ሲወጡ፣ ላሊበላ ሊደረስ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በገደል ግርጌ በዋሻ ውስጥ ተሠርቷል። ካህኑ ብራናውንና የነሐስ መስቀሉን አሳይተውኝ ተሳለምኩ፤ እኔን ያቆመኝ ግን ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ነበር። አለቱ ያንጠፈጠፈውን ጠበል ለመቀበል ከሥሩ የድንጋይ ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ ከዘመን ብዛት የተነሣ ከንፈራቸው ለስልሷል፣ ሆዳቸውም ጠልቋል። ከአንዱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጠብታው ከጣሪያው ላይ ሲያብጥ ይታያል፤ ይከብዳል፣ ይረዝማል፣ ወድቆም ገንዳው ውስጥ እስከ ዳር የሚደርስ አንድ ክብ ይሠራል፤ ክቡ ጠፍቶ ውሃው መስታወት ሲመስል ሌላው ይወርዳል። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ እስኪያልቅ አራት ጠብታ ቈጠርኩ። «አባ፣ በበጋ ይደርቃል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አይ ልጄ፣ አይነጥፍም፤ ግን ይሠስታል» አሉኝና በጣሳ ቀድተው አጠጡኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጬ ስነሣ ሹፌሩ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማምነው ይህ ነው፤ የአውሮፕላን ምዕራፍ ሲገጥምህ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ምረጥ፣ ያለህን ጊዜ ሁሉ ለእርሱ ስጥ። ይህ ለመንገደኛው ብቻ ሳይሆን ለባላገሩም ይበጃል፤ የሚሮጥ እንግዳ የሚከፍለው ለመኪና ብቻ ነው፣ የተቀመጠ እንግዳ ግን ቡና ይጠጣል፣ ሻማ ይገዛል፣ ለደብሩ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥም ይጥላል። በገና ሰሞን ብቻ ይህን ምክሬን አይስሙኝ፤ ያን ጊዜ የላስታ መንገድ በምእመናን ስለሚሞላ፣ ወጥቶ በሰዓቱ ለመመለስ ዋስ የሚሆን የለም። በማረፊያው አዳራሽ ግን፣ የሚመለከታቸው ክፍሎች ቢፈቅዱ፣ «ሦስት ሰዓት ካለዎት ይህን፣ አምስት ሰዓት ካለዎት ያን» የምትል አንዲት ሰሌዳ ብትሰቀል ወጪዋ ከቀለሟ አይበልጥም።

እስከዚያው፣ አንባቢዬ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ይጫሙ፤ ነአኵቶ ለአብ እንደሚወርዱም ከሹምሽሃ ሳይነሡ ለሹፌሩ ይንገሩት፤ ካልነገሩት መገንጠያውን አልፎ ወደ ከተማው ይወጣል።