የስልክ ጨዋታ ብልጭታና የልጆቻችን ጤንነት



በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ቡሹሎም ሆነ በሌላ የከተማ ሠፈር የሚኖሩ ቢሆኑ፣ ከሥራ ሲመለሱ ልጅዎ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ሲጫወት ማግኘትዎ የተለመደ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በፈረቃ ውላ የምትገባ እናት ልጇ ምን እንደሚጫወት ቁጭ ብላ ለማየት ጊዜ አይተርፋትም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልታውቅ ይገባታል፤ ይኸውም የጨዋታው ብልጭታ ነው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 በጃፓን አገር ከቪዲዮ ጨዋታ የተወሰደው ፖኬሞን የተሰኘ የካርቱን ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሴኮንድ 12 ጊዜ ያህል እየተፈራረቀ ብልጭ አለ። በዚያው ምሽት ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ የደረሰባቸው ነበሩ።

ይህን የምንገልጸው ለማስፈራራት አይደለም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች ውስጥ ብልጭታ የሚቀሰቅስባቸው 3 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ሁኔታው ከአዋቂዎች ይልቅ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይበዛል። በሴኮንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ሥዕል ለእነዚህ ልጆች አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ጨዋታውን ጨርሶ እንከልክል? የለም፤ ሌላም መንገድ አለ።

ልጆቹ በስልክ ከሚጫወቷቸው አንዳንዶቹ ቀድሞ ለፕሌስቴሽንና ለፒኤስፒ የተሠሩ ናቸው። «ኢሙሌተር» የሚባለው ፕሮግራም ስልኩን እንደዚያ መሣሪያ ያሠራዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፒፒኤስኤስፒፒ አንዱ ነው። በዚህ ፕሮግራም «ቺት ኮድ» ማስገባት ይቻላል። ኮድ ማለት ሁለት ነገር የያዘ ቁጥር ነው፦ በጨዋታው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለ አንድ አድራሻና በዚያ ቦታ የሚተካ መጠን። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ጌም ጂኒ የተባለው መሣሪያ በዚህ ዓይነት ዘዴ ለተጫዋቹ ተጨማሪ ሕይወት ይሰጥ ነበር። ዛሬ ግን የመብራት ድምቀትን፣ የሥዕል ብዥታንና የስክሪን መንቀጥቀጥን የሚያጠፉ ኮዶች ለብዙ ጨዋታዎች ተዘጋጅተዋል።

ስለሆነም ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው የሚከተለውን ያድርጉ።

በመጀመሪያ በጨዋታው የራሱ ማስተካከያ ውስጥ ብልጭታን ወይም መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ምርጫ እንዳለ ይዩ። ካለ ኮድ አያስፈልግም።

ከሌለ ልጅዎ የደረሰበትን ደረጃ ሴቭ ያድርግ፤ ከዚያም በፕሮግራሙ ውስጥ ቺት እንዲሠራ ፈቅዶ አንድ ኮድ ብቻ ያስገባና ይሞክር። ኮዱ ከጨዋታው ቅጂ ጋር ካልተስማማ ጨዋታው ሊቆም ይችላል። ኮዱን ቢያጠፉም ጨዋታው ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ለውጡ ሊቆይ ይችላል።

እንቅስቃሴን ለማለስለስ ተብሎ የሚሰጠው የ60 ፍሬም ኮድ ብልጭታን አይቀንስም፤ ባትሪ ይጨርሳል፣ አንዳንዱንም ጨዋታ በእጥፍ ያፈጥነዋል። ኮድ ለመስጠት ሌላ አፕ እንዲጫን የሚጠይቅ፣ ወይም የስልክ ቁጥርና መልእክት ለማንበብ ፈቃድ የሚሻ ካጋጠመዎ አይቀበሉ። በዚያው ስልክ የባንክ ሂሳብዎም ሊኖር ይችላልና።

ኮድ መድኃኒት አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ክፍሉ ብርሃን ይኑረው፣ የስልኩ ድምቀት ይቀነስ፣ ልጁም ስልኩን ከዓይኑ ያርቅ፤ እንቅልፍ ባጣበት ዕለት አይጫወት። ድንገት ብልጭታ ቢበዛ አንዱን ዓይኑን በመዳፉ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ፊቱን እንዲያዞር ያስተምሩት።

ልጁ ቢወድቅና ቢንቀጠቀጥ ክብሪት ማሽተት አይጠቅመውም፤ በአፉም ማንኪያ አይክተቱ። በጎኑ ያስተኙት፣ ራሱን ከሚጎዳው ነገር ያርቁ፣ ሰዓት ይያዙ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በሽታው በመነካካት አይተላለፍም፤ ስለዚህ ልጁን ከጓደኞቹ አይለዩት። መድኃኒት የታዘዘለት ከሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጡ።

ኮዱን የሚያውቀው ልጅዎ ሊሆን ይችላል። ለምን እንደሚያስፈልግ ይንገሩት፤ አብረውትም ይሞክሩ። ታናሽ እኅቱን ወይም የጎረቤት ልጅ ከአደጋ የሚጠብቀው እርሱ ይሆናል።