ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ

«በዚህ ዘመን ትራቭል ኤጀንት ጋ ሄዶ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አለ እንዴ?»

ባለፈው ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነው ይህን የሰማሁት። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከሁለት ዓመት በፊት ይህችኑ ጥያቄ እየጠየቅሁ ስስቅ የነበርኩት እኔው ነኝ። ዋጋውን የከፈለችው ግን አክስቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቶክሆልም ያለችው የአክስቴ ልጅ የመውለጃዋ ቀን ደረሰ። አክስቴ ልታርሳት ቪዛ አገኘች። ልጅቷ በካርዷ ከአንድ የውጭ ድረ ገጽ ትኬት ገዝታ በቴሌግራም ላከችልኝ። የተማርኩት እኔ ነኛ! አነበብኩት፤ ማክሰኞ 01:50 ይላል። ስድስት ሰዓት ደመርኩና «አክስቴ፣ ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ከ50 ነው» አልኳት። እሷም ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ በርበሬና ሽሮዋን ስታሽግ ዋለች። ማታ 4 ሰዓት ቦሌ ደረስን። አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ ሰዓት አልፎታል።

የአየር መንገድ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ የእኛ ቀን የሚጀምረው ግን ሲነጋ ነው። ትኬቱ ማክሰኞ ያለው ሌሊት ለእኛ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ሰዓቱን ደመርኩ እንጂ ቀኑን መቀነስ ማን አስታወሰኝ?

ካውንተር ላይ «የገዛችሁበት ጠይቁ» ተባልን። የገዛንበት ማን ነው? «ጥያቄዎ ደርሶናል» እያለ የሚመልስ ማሽን። ተሳፋሪ በመጀመሪያው በረራ ሳይቀርብ ሲቀር መመለሻው ጭምር እንደሚሰረዝ ያወቅሁትም ያኔ ነው። ርካሽ ትኬት ስለነበር ገንዘቡም አልተመለሰም።

ረቡዕ ጠዋት ሃያ ሁለት አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ትኬት ቢሮ ገባን። የተቀበለችን ሴትዮ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ጠየቀች። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ድረ ገጹ ግን የቤተሰብ ስም ሳይሞሉለት አያሳልፍም። ሴትዮዋ የትኛው ስም የት እንደሚገባ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከረች። ትራንዚት ላይ ሻንጣ እንደማትቀበል፣ በር ቁጥሩን ለማን እንደምታሳይ ለአክስቴ ነገረቻት። ከዚያ እስክሪብቶ አንስታ ትኬቱ ላይ በአማርኛ ጻፈች፦ «ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ቦሌ ይገኙ»። ከሥሩም ስልኳን። ይቺ አንድ መስመር ከኔ ዲግሪ በለጠች።

እርግጥ ነው፣ ሁሉንም ኤጀንት ልከላከል አልመጣሁም። ለባሕር ዳር ትኬት የአየር መንገዱ አፕ ይበቃኛል። እኔ የምጫነውን ቁልፍ ብቻ ተጭኖ፣ ኮሚሽኑን ደብቆ የሚያስከፍለኝ ቢሮ ነገ ቢዘጋ አላለቅስም። አሜሪካ ውስጥ ዴልታ በ2002 እ.ኤ.አ. መደበኛ ኮሚሽን መክፈል ሲያቆምና ሌሎቹም ሲከተሉት፣ ብዙ ኤጀንቶች የአገልግሎት ዋጋቸውን ለደንበኛው በግልጽ ማስከፈል ጀመሩ። እኛም ጋ እንዲህ ይሁን። ዕውቀት ይሸጥ፣ ዋጋውም ይታወቅ።

«ቶማስ ኩክስ?» የሚል አይጠፋም። በ1841 መንገደኞችን በባቡር በማጓጓዝ የተጀመረው የእንግሊዙ ድርጅት በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ብዙዎችም «ኢንተርኔት ገደለው» አሉ። ከባድ ዕዳ እንደነበረበት ግን አይነግሩንም። ከሁሉ በላይ ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እዩ። ውጭ አገር የቀሩ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ መንገደኞቹን የእንግሊዝ መንግሥት በልዩ በረራዎች ወደ አገራቸው መለሰ። ጥቅል ጉዞ ገዝተው ገና ላልተጓዙትም ገንዘባቸውን የሚያስመልስ ዋስትና ነበራቸው። የአሮጌው አሠራር ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ሲወድቅ እንኳ ኃላፊ አለው።

ደግሞስ ኦንላይን ሆነ ማለት አማላጅ ቀረ ማለት ነው? የፓስፖርት ማመልከቻ ኦንላይን ሲሆን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ፎርም ሞይ ሆነ። በየቤቱ ደግሞ «አንቺ ታውቂያለሽ» የሚባል ልጅ አለ። ትራቭል ኤጀንት አልጠፋም፤ እኛ ሆነናል! ያለ ፈቃድ፣ ያለ ዕውቀት፣ ያለ ተጠያቂነት። እኔ ያን ማክሰኞ የሠራሁት የኤጀንት ሥራ ነው። ልዩነቱ፣ ስሳሳት ማንም አልጠየቀኝም፤ የከሰረችውም አክስቴ ናት።

እናም ወዳጆቼ፣ አንድን አገልግሎት «አሮጌ ነው ወይስ ዘመናዊ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ሲበላሽ ማን ስልክ ያነሳል?» በሉ። መልስ ካለው፣ ቢሮው ውስጥ የ1990ዎቹ ካላንደር ተሰቅሎም ቢሆን ይኑር። መልስ ከሌለው ግን አፑ የቱንም ያህል ቢያምር ለእናታችሁ አትግዙበት።

በነገራችን ላይ፣ የአክስቴ ልጅ የተገላገለችው ረቡዕ ማታ ነው። አክስቴ የደረሰችው ዓርብ።

ቸር እንሰንብት።