መሰናዶ ትምህርት ቤትና ከአጥሩ ውጭ ያለው ልጅ

ስለ አንድ ትምህርት ቤት መልካምነት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሕንፃው ማማር፣ የመምህራኑ ዲፕሎማና በየዓመቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳልፋቸው ተማሪዎች ቍጥር ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ መመዘኛ ነው። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ሌላ መመዘኛ አለ፤ እርሱም ትምህርት ቤቱ ከአጥሩ ውጭ ላለው ልጅ ምን አደረገለት? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከሌላ አገር አንድ ትምህርት ቤት ወስደን ታሪኩንና አሠራሩን ብናይ ይጠቅማል ብለን አስበናል። የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በአሜሪካ አገር «ነጻ» የሚባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ነጻ መባላቸው ክፍያ የሌላቸው ስለ ሆኑ አይደለም፤ ክፍያቸውስ እጅግ ውድ ነው። ነጻ የተባሉት ከመንግሥት በጀት ሳይጠብቁ፣ በራሳቸው የባለአደራዎች ጉባኤ እየተመሩ፣ በተማሪ ክፍያ፣ የቀድሞ ተማሪዎች በሚሰጡት ስጦታና ስጦታው በሥራ ላይ ውሎ በሚያስገኘው ገቢ የሚተዳደሩ ስለ ሆኑ ነው። ትርፍ የሚካፈል ባለቤት የላቸውም። ከነዚህም መካከል ተማሪን ለኮሌጅ የሚያዘጋጁት መሰናዶ ትምህርት ቤት ይባላሉ። ከስመ ጥሮቹ አንዱ በኒው ሃምፕሺር ክፍለ አገር በኤክሰተር ከተማ የሚገኘው ፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚ ነው።

ይህን ትምህርት ቤት በ1781 ዓ.ም. የመሠረቱት ጆን ፊሊፕስ የተባሉ ባለጸጋና ባለቤታቸው ኤልሳቤጥ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት የወንድማቸው ልጅ ሳሙኤል በማሳቹሴትስ ክፍለ አገር የአንዶቨሩን ፊሊፕስ አካዳሚ አቋቁሞ ነበር። ሁለቱም የተመሠረቱት አገሪቱ ለነጻነቷ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ ሳለች መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ሰዎቹ መንግሥታቸው ገና ሳይጸና ነገ የሚረከበውን ልጅ አሰቡ። መሥራቹ በሰጡት የአደራ ሰነድ ውስጥ ያሰፈሩትም ሐሳብ ዛሬ ድረስ ይነገራል፤ ይኸውም ደግነት ያለ ዕውቀት ደካማ ነው፣ ዕውቀት ያለ ደግነት ደግሞ አደገኛ ነው፣ የሁለቱ አንድነት ግን ሰውን ለሌላው ጠቃሚ ያደርገዋል የሚል ነው። በትምህርት ቤቱ ማኅተም ላይ በላቲን የተቀረጸውም ቃል «ለራስ አይደለም» ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱን በዓለም ዘንድ ያስጠራው ግን ከማኅተሙ ይልቅ ጠረጴዛው ነው። ከነዳጅ ዘይት ንግድ ከፍ ያለ ሀብት የወረሱት ኤድዋርድ ሃርክነስ በ1930 ዓ.ም. ለኤክሰተር 5 ሚሊዮን 800 ሺህ ዶላር ሰጡ። ስጦታው ግን ሁኔታ ነበረው። ሰውየው ያሰቡት ስለ ጎበዙ ተማሪ አልነበረም፤ ጎበዙ በማናቸውም ክፍል ራሱን ያወጣል። ያሳሰባቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሳይጠየቅ ሳይናገር ዓመቱን የሚጨርሰው መካከለኛና ዓይነ አፋር ልጅ ነው። ስለዚህ ረድፍ በረድፍ የተደረደረው ወንበር እንዲነሣና ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እየተወያዩ እንዲማሩ ፈለጉ። ዛሬ በእያንዳንዱ ክፍል አሥራ ሁለት ያህል ተማሪዎች በሞላላ ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከኋላ የሚደበቁበት ወንበር የለም።

የሒሳብ ትምህርቱን አሠራር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በዚያ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህራን ከገበያ የተገዛ መጽሐፍ አይከተሉም፤ ጥያቄዎችን ራሳቸው አዘጋጅተው በደብተር መልክ ይሰጣሉ። ምዕራፍ የለውም፤ ቀመሩም አስቀድሞ አይነገርም። ተማሪው ማታ ጥያቄዎቹን እንደ ችሎታው ሞክሮ ይመጣል። ጧት አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የተሳሳተውም ያልተሳሳተውም እንዲህ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ያስረዳል፤ ጓደኞቹም ይጠይቁታል። መምህሩ ሲያስፈልግ ብቻ አንድ ቃል ጣል ያደርጋል። ቀመሩ የሚገኘው ከጥያቄው ውስጥ ተፈልጎ ስለ ሆነ አይረሳም። በተለይ ልንጠቁም የምንወደው ነገር ቢኖር፣ እነዚህ የጥያቄ ደብተሮች በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ለሁሉ ክፍት መሆናቸውን ነው። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአርባ ምንጭ የሚያስተምር መምህር ወስዶ ሊሠራባቸው ይችላል።

እስካሁን የተናገርነው ምስጋና ነው። ነገር ግን ነቀፋውን ደብቀን ብናልፍ ለአንባቢ ታማኝ አንሆንም። «ለራስ አይደለም» የሚለው ማኅተም እያለ ትምህርት ቤቱ ሴቶች ልጆችን ሳይቀበል 189 ዓመት ቆይቶ በራፉን የከፈተላቸው በ1970 ዓ.ም. ነው። ለአንድ አዳሪ ተማሪ የሚጠየቀው የዓመት ክፍያም ዛሬ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ሀብታም ልጁን ለሀብት የሚያዘጋጅበት አዳራሽ ነው ተብሎ ቢወቀስ ወቀሳው መሠረት የሌለው አይደለም። አንድ ጠረጴዛ የቱን ያህል ክብ ቢሆን በዙሪያው የሚቀመጡት ሁሉ ከአንድ ዓይነት ቤት የመጡ ከሆኑ ውይይቱ የአንድ ሰው ንግግር ይሆናል።

ወቀሳውን ለማቃለል ግን ተሠርቷል። ትምህርት ቤቱ የዓመት ገቢያቸው ከ75 ሺህ ዶላር የማይበልጥ ቤተ ሰቦች ልጆች በነጻ እንዲማሩ በ2007 ዓ.ም. ወሰነ፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ አመልካቹ መክፈል መቻል አለመቻሉ በምርጫው ጊዜ እንዳይታይ አስታወቀ። ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮ በበጋ ወራት ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ልጆችን ለአምስት ሳምንት ያስተምራል፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ለጨረሱትም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ተማሪዎቹም ባቋቋሙት የበጎ አገልግሎት ማኅበር አማካይነት ለከተማው ሕፃናት ጊዜያቸውን ይሰጣሉ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምሩን ግን ከትምህርት ቤቶቹ አጥር ውጭ የተቋቋሙት ድርጅቶች ናቸው። በ1963 ዓ.ም. የብዙ መሰናዶ ትምህርት ቤቶች አስተዳዳሪዎች ተሰብስበው «የተሻለ ዕድል» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያዎቹ 55 ወንዶች ልጆች በዳርትመዝ ኮሌጅ ለአዲሱ ትምህርት ተዘጋጁ። በኋላ በዚሁ መንገድ ካለፉት አንዱ ከቺካጎ ከተማ ድኻ ሰፈር ወጥቶ በማሳቹሴትስ በሚልተን አካዳሚ የተማረው ዴቫል ፓትሪክ ነው፤ እርሱም ከ2007 እስከ 2015 ዓ.ም. የዚያው የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ሆኖ ሠርቷል። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ የብሮንክስ ሰፈር ያስተምር የነበረው ጌሪ ሳይመንስ «ፕሬፕ ፎር ፕሬፕ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የተመረጡ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች ለ14 ወራት፣ ማለትም በሁለት የበጋ ዕረፍቶችና በመካከላቸው ባለው የትምህርት ዓመት ከሰዓት በኋላና በየቅዳሜው ጠንከር ያለ ትምህርት ይማራሉ፤ ከዚያም ወደ መሰናዶ ትምህርት ቤቶች ይገባሉ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ልጁን የደረሱለት ፈተና ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ገና አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ኮሮጆውን ይዞ ከሩቅ አገር ሲመጣ የኔታ የአባቱን ሀብት አይጠይቁትም ነበር፤ የበሰለውም ተማሪ ታናሹን ያስቀጽል ነበር። በዘመናዊውም ትምህርት ቢሆን የቀድሞው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን ተቀብሎ ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጅ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ አብዮቱ ዋዜማ የቆየው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ገጠርና ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው፣ አብዛኛውንም ጊዜ ያስተምር እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያስታውሱታል።

ዛሬ ያለንበት ሁኔታ ግን የሚያሳስብ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. አንሥቶ የተገኘውን ውጤት እንይ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑበት ዓመትም ነበር። በዚያው ዓመት በጥሩ ሁኔታ የተደራጁ አንዳንድ አዳሪና የግል ትምህርት ቤቶች ከተማሪዎቻቸው አብዛኞቹን አሳልፈዋል። እንግዲህ የልዩነቱ ምክንያት የልጆቹ አእምሮ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖራል ብለን አናምንም።

ከዚህ የተነሣ በበኩላችን የምንሰጠው አስተያየት ይህ ነው። የተደራጀ ላቦራቶሪ፣ ቤተ መጻሕፍትና የሠለጠነ መምህር ያለው የግል ትምህርት ቤት ሁሉ ቅዳሜና ክረምት በሩን ዘግቶ መዋሉ ይቅርና በአቅራቢያው ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ተቀብሎ ቢያስተምር የሚጎድልበት ጥቂት ነው፤ ወንበሩ እንደ ሆነ በእነዚያ ቀኖች ባዶውን ይውላል። በዚህ ላይ የሚቀርብ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ይህ አሠራር የድኻውን ትምህርት ቤት ጎበዞቹን አንድ በአንድ ይነጥቀዋል፣ የቀሩትም የባሰ ይዳከማሉ የሚል ነው። ተቃውሞው በአሜሪካም ዘወትር የሚነሣ ነው፤ ቀላል አድርገን አናየውም። ስለዚህ መርጦ መውሰድ ብቻውን በቂ አይደለም እንላለን። ልጁ ቅዳሜ ተምሮ ሰኞ ወደ ራሱ ትምህርት ቤት ይመለስ፤ ከእርሱም ጋር መምህሩ ይምጣ፣ ደብተሩንና ዘዴውን ይዞ ይሂድ። እንዲህ ከሆነ አንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን አንድ ክፍል ይጠቀማል።

ስድሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል የአሥራ ሁለት ሰው ጠረጴዛ ሕልም ነው የሚለንም ይኖራል። ጠረጴዛውስ ሕልም ይሁን። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጽፎ ተማሪዎቹን በስድስት በስድስት መክፈል፣ ከኋላ የተቀመጠችውን ዝምተኛ ልጅ እስኪ አንቺ ንገሪን ማለት፣ የተሳሳተውንም ሳያፍር እንዲያስረዳ መፍቀድ የአንድ ሳንቲም ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የመምህሩን ትዕግሥት ነው።

በየወረዳውና በየክፍለ ከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወጣቶች፣ የግል ትምህርት ቤት ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲመጣ የክፍሉን ስፋትና የመጸዳጃውን ቍጥር እንደምትጠይቁት ሁሉ፣ በክረምት ለስንት የሰፈሩ ልጆች በር ከፈትህ? ብላችሁ ብትጠይቁት መልካም ነው። ለከፈተው ምስጋናና ማበረታቻ ይሰጠው፤ ላልከፈተው ጥያቄው በየዓመቱ ይደገምለት። እናንተም ተማሪዎች ለእኔ ማን አስተማረኝ ብላችሁ ሳትሰለቹ በዕረፍታችሁ ሁለትና ሦስት የጎረቤት ልጆች ሰብስባችሁ የጥያቄ ደብተር ብትገልጡላቸው፣ ከሁሉ ይልቅ የምትጠቀሙት እናንተው ናችሁ፤ ያስረዱት ነገር አይጠፋምና። የትምህርት ቤት አጥር ልጆችን ከአደጋ ለመጠበቅ የታጠረ እንጂ ዕውቀትን ከጎረቤት ለመከልከል የታጠረ አይደለም።